ሸጎሌ ሰፈር ከመሆኑ በፊት ሰው ነበር

በመርካቶና በዊንጌት በኩል በታክሲ የተጓዘ ሁሉ ረዳቱ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጠራ ሰምቷል። የዛፍ ስም ይሁን የወንዝ ብለን ተጨንቀንበት አናውቅም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የአሶሳው ገዢ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ በኩል ቤት ነበራቸው። አዲስ አበቤ ደግሞ ለረጅም ስም ትዕግስት የለውምና «ሼህ ኾጀሌ»ን አጣብቆ «ሸጎሌ» አደረገው።

የአሶሳ ሰው እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው? ወርቅ።

እስቲ ወደ ኩርሙክ ልውሰዳችሁ። ኩርሙክ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ፤ አንዷ ኢትዮጵያ፣ አንዷ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን። ከዚያ እስከ አሶሳ ባለው አገር በርታዎች ከጥንት ጀምሮ የወንዝ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን ያስወረሩት ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በ1838 ደግሞ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ራሳቸው ከካይሮ ተነስተው እስከ ፋዙግሊ መጡ። ያሰቡትን ያህል ግን አላገኙም።

ከሱዳን የመጡት ነጋዴዎች ይበልጥ ብልጦች ነበሩ። ወርቁን በጦር ከመፈለግ ይልቅ የበርታ አለቆችን ሴት ልጆች አገቡ። በበርታ ዘንድ ውርስ በእናት በኩል ይቆጠር ስለነበር ልጆቻቸው ነጋዴም የአገር ባለቤትም ሆነው አደጉ። እነዚህን ሰዎች «ወጣዊጥ» ይሏቸዋል። በአረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው፤ ወፍም አይደሉ፣ አውሬም አይደሉ። (ስም አውጪው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ነገር የገባው ሰው ነበር።) ሼህ ኾጀሌ ከእነዚህ ወገን ናቸው።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ቤንሻንጉል ደረሰ። በወቅቱ አካባቢውን አሶሳን፣ ቤላ ሻንጉልንና ኾሞሻን የያዙ ሦስት ሼሆች ተከፋፍለውት ነበር። አገሩ ለአጼ ምኒልክ ገበረ። ሼህ ኾጀሌም አዲስ አበባ ታስረው የቆዩበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ነው የሰውዬው ነገር የሚገርመው። ከእስር ወጥተው አገራቸው ሲመለሱ ከበፊቱ የበለጠ ጉልበት ይዘው ነው፤ ቀስ በቀስም ከሦስቱ ሼሆች በላይ ሆኑ። መጠለያቸው የሚከፍሉት ወርቅ ነበር። ግብሩ እስከመጣ ድረስ አዲስ አበባ ብዙ አትጠይቅም።

እንግሊዞችም ዓይናቸው እዚያው ላይ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የድንበር ውል ቤንሻንጉል ለኢትዮጵያ ቀረ፤ መስመሩም ኩርሙክን ታክኮ አለፈ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለቤተ መንግሥቱ የወርቅ ምንጭ የሆነ ሌላ «ባንክ» አሶሳ ላይ ተቀምጦ ነበር ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ይህ «ባንክ» ግን ከየት ይሞላ ነበር? ሼሁ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አሸዋ አላጠቡም። ከበርታው ግብር ይሰበሰባል፣ ባሪያዎች በወርቅ ሥራ ይሰማራሉ፣ ሰውም ራሱ ይሸጣል፣ ለግብርም ይላካል። ከአሶሳ ወደ ቤተ መንግሥት የሚሄደው ወርቅ ብቻ አልነበረም። «ሼሁ ባሪያ ፈንጋይ ነበሩ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ገዢው ማን እንደነበር ግን አብሮ መነሳት አለበት። ግብሩን ያዘዘችው፣ ሰዎቹንም የተቀበለችው ይህችው ከተማችን ናት።

የንግዱን ሌላ ጫፍ የያዙት ባለቤታቸው ሲት አምና ነበሩ። እሳቸው በድንበሩ አካባቢ፣ በሱዳን በኩል ሆነው ንግዱን ያካሂዱ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ የሚያዝ አዋጅ አወጡ። ኩርሙክ አካባቢ ግን አዋጁ የደረሰ አይመስልም። እንግሊዞች ሲት አምናን ይዘው ለፍርድ ያቀረቧቸው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ሼህ ኾጀሌ ግን አሶሳ ላይ ሥልጣናቸውን እንደያዙ ቆዩ።

እንዲህ ያለ ሰው የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኮልስተን (1636–1721) ነጋዴ ነበር፣ በባሪያ ንግድ የከበረው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ሹም ነበር፣ ብሪስቶልን ወክሎም ፓርላማ ገብቷል። ከተማዋ መንገድና ትምህርት ቤት በስሙ ሰየመች፤ በ1895 ሐውልት አቆመችለት። በ2020 ሰልፈኞች ገንድሰው ወደብ ውስጥ ጣሉት። ብሪስቶሎች ለመጣላትም ቢሆን ሰውዬውን ማወቅ ነበረባቸው። እኛ ዘንድ ስሙን በቀን መቶ ጊዜ የሚጠራው ረዳት ሰው እየጠራ መሆኑን እንኳ አያውቅም። እኔ በበኩሌ ስሙ ይፋቅ አልልም። አሸዋውን ያጠቡትንና የተሸጡትን ለማንሳት በከተማዋ የቀረን አንድ ቀዳዳ እሱ ነው።

ሼህ ኾጀሌ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1938፣ በጣሊያን ዘመን ነው። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነበር። ኩርሙክ ላይ በ2010ዎቹ አላይድ ጎልድ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን መገንባት ጀምሯል። በየወንዙ ዳር ደግሞ በርታዎች አሁንም አሸዋ ያጥባሉ።