ሽመናን ይዘው የተሰደዱት ጥንዶች

አኒና ዮሴፍ አልበርስ በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት ተዋውቀው በ1925 እ.ኤ.አ. ተጋቡ። እሷ ሸማኔ፣ እሱ ሠዓሊና መምህር ነበሩ። በ1933 በናዚዎች ጫና ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደችው አኒ ከባለቤቷ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ሁለቱም እስከ 1949 አስተማሩ።

ከ1935 ጀምሮ ወደ ሜክሲኮ ደጋግመው ተጓዙ። አኒ ተማሪዎቿን የላቲን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በሚጠቀሙበት የወገብ መሸመኛ አሠለጠነች። የድሩ አንድ ጫፍ ከዛፍ ወይም ከምሰሶ ይታሰራል፤ ሌላው በሸማኔዋ ወገብ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ስትል ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስትል ይላላል። ለሽመና ትምህርት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም፤ እጅ ክሩን የሚያውቀው እንዲህ ነውና። በ1965 ያሳተመችውን የሽመና መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለጥንታዊት ፔሩ ሸማኔዎች ሰጠች።