«የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይተካም»፦ የአንድ ዓረፍተ ነገር ታሪክ

በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ለብዙ ዘመን ሲነገሩ ከኖሩት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ቆዳ ቢቆረጥ ይድናል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ የሞተ የነርቭ ሕዋስ ግን አይተካም» የሚለው ነው። ተማሪው ይህን በደብተሩ ይገለብጣል፤ ለፈተናም ያጠናዋል። ዓመታት አልፈው አባቱ ወይም አያቱ በስትሮክ ሲመቱና ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲል ያ ዓረፍተ ነገር ትዝ ይለዋል። «አንጎል አንዴ ከተጎዳ ምን ተስፋ አለው?» ብሎም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ለመምህራን ቀላል አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ማን ተናገረው? ምን አይቶ ተናገረው? እስከ ምን ድረስስ እውነት ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብር ጨውና ስፔናዊው ሐኪም

በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ሊቃውንት አንጎልን በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ የሚያዩት የተጠላለፈ ድር ነበር። አንዱ ክር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ለመለየት አይቻላቸውም ነበር። በ1873 ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በብር ጨው አማካይነት ከብዙዎቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ብቻ መርጦ ከነቅርንጫፎቻቸው የሚያጠቁር ዘዴ አገኘ። ስፔናዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ይህንን ዘዴ አሻሻለ፤ ከ1888 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎችም አንጎል አንድ ወጥ መረብ ሳይሆን በየራሳቸው የቆሙ ሕዋሳት ስብስብ መሆኑን አስረዳ። በ1906 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ካሃል በ1913 እና በ1914 በሁለት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፍ የተቆረጡ ነርቮች ምን እንደሚሆኑ ገለጸ። በእጅና በእግር ውስጥ ያለ ነርቭ ሲቆረጥ ከሕዋሱ ጋር የቀረው ጫፍ አዲስ ክር ያበቅላል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ግን ክሩ ጥቂት ለማደግ ይሞክርና ይቆማል። ከዚህም በመነሳት የአዋቂ አንጎል ያጣውን መልሶ አይሠራም ሲል ደመደመ። ነገር ግን በዚያው ስፍራ ይህንን ፍርድ መለወጥ የሚቻል ከሆነ ሥራው የወደፊቱ ሳይንስ መሆኑን ጨምሮ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ያዙ፤ ሁለተኛውን ዘነጉ። በአንድ መሣሪያና በአንድ ዘመን የታየው ነገር በመደጋገም ብዛት የማይሻር ሕግ መሰለ።

እንግዲህ «አይጠገንም» ስንል ምኑን ማለታችን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የነርቭ ሕዋስ አካል አለው፤ ከአካሉ የሚወጣ አክሶን የሚባል ረጅም ክር አለው፤ ብዙውን ጊዜ ክሩን የሚሸፍን ማየሊን አለው። የሦስቱ ታሪክ የተለያየ ነው።

ሽፋኑ፦ ማየሊን

ማየሊን የሚለውን ስም በ1854 ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾቭ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ራንቪዬ በ1870ዎቹ ሽፋኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተያያዘና በየመካከሉ ክፍተት ያለው መሆኑን ገለጸ። መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ስለሚጓዝ ማየሊን ያለው ወፍራም አክሶን በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ያስተላልፋል፤ ማየሊን የሌለው ቀጭን ክር ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ተማሪዎች ይህንን በስሌት ሊያዩት ይችላሉ። ከእግር ጣት እስከ ኅብለ ሰረሰር ያለውን ርቀት 1 ሜትር ብንለው በሰከንድ 100 ሜትር የሚጓዘው መልእክት በሰከንድ አንድ መቶኛ ይደርሳል፤ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዘው ግን ሙሉ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። እንቅፋት ሲመታን መጀመሪያ ስል ሕመም ተሰምቶን ቆየት ብሎ የሚጠዘጥዘው የሚመጣው ሁለቱ ሕመሞች ፍጥነታቸው በተለያየ ክሮች ስለሚጓዙ ነው።

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ማየሊንን የሚሠሩት ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህን በ1921 ለይቶ ስም የሰጣቸው ሌላው ስፔናዊ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው። በ1868 ፈረንሳዊው ዣን ማርተን ሻርኮ በዝርዝር የገለጸው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው በሽታ የሚያጠቃው ይህንን ሽፋን ነው። አክሶኑ ቢኖርም ሽፋኑ ሲነሳ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል።

ይሁን እንጂ በ1961 በአሜሪካ ሜሪ ቡንጅ፥ ሪቻርድ ቡንጅና ሃንስ ሪስ በአዋቂ ድመት ኅብለ ሰረሰር ላይ ባደረጉት ምርምር የጠፋው ማየሊን እንደገና ሲሠራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። አዲሱ ሽፋን ከቀድሞው ይሳሳል፤ ነገር ግን ሽፋን ነው። በ2017 ደግሞ ለአለርጂ ሲያገለግል የኖረው ክሌማስቲን የተባለው መድኃኒት በመልቲፕል ስክለሮሲስ በሽተኞች የዓይን ነርቭ ላይ ሲሞከር የመልእክቱን ፍጥነት በመጠኑ አሻሻለ። እንግዲህ ስለ ሽፋኑ «አይጠገንም» ማለት ስሕተት ነው።

ክሩ፦ ማደግ ያቃተው ለምንድን ነው?

የአንጎል አክሶን የማያድገው አቅም ስለሌለው ነው ወይስ ስፍራው ስለማይመቸው? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው የካሃል ተማሪ ፍራንሲስኮ ቴሎ ነው። እርሱም በ1911 የእግር ነርቭ ቁራጭ በጥንቸል አንጎል ውስጥ ሲተክል የአንጎል ክሮች ወደ ቁራጩ ሲያድጉ አየ። ነገሩ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆየ። በ1981 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ አልበርት አግዋዮና ሳሙኤል ዴቪድ የነርቭ ቁራጭን እንደ ድልድይ አድርገው ከአይጥ የአንጎል ግንድ ወደ ኅብለ ሰረሰሩ ዘረጉ። አክሶኖቹ በድልድዩ ውስጥ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አደጉ። ስለዚህ አቅሙ አላቸው።

ታዲያ የሚያግዳቸው ምንድን ነው? በ1988 በስዊዘርላንድ ማርቲን ሽዋብና ፒኮ ካሮኒ ከአጋጆቹ አንዱ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ማየሊን ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። መልእክትን የሚያፋጥነው ያው ሽፋን የተቆረጠውን ክር እንዳያድግ ይከለክላል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ በቁስሉ ዙሪያ የሚፈጠረው ጠባሳም ያግዳል።

ሕዋሱ፦ አዲስ ይወለዳልን?

በ1962 በአሜሪካ ጆሴፍ አልትማን የተባለ ተመራማሪ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለበትን ንጥረ ነገር ለአዋቂ አይጦች ሰጠ። ይህ ንጥረ ነገር በመከፋፈል ላይ ባለ ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ስለሚገባ አዲስ የተወለደውን ሕዋስ ለይቶ ያሳያል። አልትማን በአንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋሳት ያሉ መሆናቸውን ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ1983 በካናሪ ወፎች፥ በ1998 ደግሞ በሰው ሂፖካምፐስ፥ ማለትም ለትዝታ አስፈላጊ በሆነው የአንጎል ክፍል፥ አዲስ ሕዋሳት መታየታቸው ተነገረ። በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ ከበተኑት ካርቦን 14 በመነሳት በአንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል አዲስ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ ገመቱ። በ2018 ግን ሁለት የምርምር ቡድኖች ተቃራኒ ውጤት አወጡ፤ አንዱ በአዋቂ ሰው አላገኘሁም ሲል ሌላው አገኘሁ አለ። ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ይህንንም ለተማሪዎች እንዳለ መንገር ይገባል።

በስትሮክ ጊዜ ምን ይሆናል?

ስትሮክ ማለት የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። በ2006 አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እንዳሰላው ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳትና 12 ኪሎ ሜትር ያህል ማየሊን ያለው ክር ይጠፋል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት ቢባልም በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት ብዙ ነው። በ1995 ይፋ በሆነ ጥናት የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ እንደሚጠቅም ታወቀ፤ በ2008 ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። ደም በመፍሰስ ለመጣው ስትሮክ ግን ይኸው መድኃኒት አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ አንጎሉን በራጅ መሣሪያ ማየት ግድ ነው።

የሞቱትን የሚተካ የተረጋገጠ ሕክምና ገና የለም። ታዲያ በሽተኛው የሚሻለው እንዴት ነው? በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ እጅን በሚያንቀሳቅሰው የዝንጀሮ አንጎል ክፍል ላይ ትንሽ ጉዳት አደረሱ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ጉዳት ደርሶባቸው ሳይለማመዱ በቀሩት ዝንጀሮዎች በጉዳቱ ዙሪያ የተረፈው የእጅ ክፍል ጭምር ጠቦ ነበር። ከትናንሽ ጉድጓዶች ምግብ ማውጣትን እንዲለማመዱ በተደረጉት ግን የተረፈው ክፍል ተጠበቀ፤ በአንዳንዶቹም ሰፋ። በ2006 በአሜሪካ በ222 የስትሮክ በሽተኞች ላይ የወጣ ጥናትም ደህናው እጅ ታስሮ የደከመው ለሁለት ሳምንት በብርቱ ሲሠራ መሻሻል መታየቱንና መሻሻሉም ዓመት መቆየቱን አሳየ። የሞተው ሳይተካ የተረፈው ሥራውን ይረከባል ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰን እንፋቀው አንልም፤ ውስጡ እውነት አለውና። ነገር ግን እንደሚከተለው ቢነገር ይሻላል እንላለን፦ በጉዳት የሞቱ የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት በአብዛኛው በአዲስ አይተኩም፤ የተረፉት ግን ሽፋናቸው ሊታደስ፥ አዲስ ሥራም ሊለምዱ ይችላሉ። ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፍለን «ምን ታየ?»፥ «በምን መሣሪያ ታየ?»፥ «ምን ተደመደመ?» ብለን ካሃልን፥ ቡንጆችን፥ አግዋዮንና አልትማንን በየተራ እናስገባ። ተማሪዎቹ የታየው ሳይለወጥ የተደመደመው ሲለወጥ ራሳቸው ያገኙታል።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ ነገር ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ እናድርግ። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን በድንገት ሲጣመም፥ እጁ ሲዝል፥ አንደበቱ ሲተሳሰር ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፤ ከሐኪም ቤት ሲመለስም የደከመውን እጅ በየቀኑ እንዲያሠራ ማገዝ። ካሃል ለወደፊቱ ሳይንስ ከተወው ሥራ ገና ብዙ ይቀራል፤ ይህን ያህሉ ግን ዛሬም በእጃችን ነው።