የዘገየው ብርሃን

የሐዋሳ ሰዎች፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ጀንበር ስትጠልቅ ታያላችሁ። ያ ብርሃን ከፀሐይ የተነሣው ከ8 ደቂቃ በፊት ነው። አዎን፣ ብርሃንም መንገድ ይፈጅበታል።

ይህን ማን ደረሰበት? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1676፣ ጎንደር ላይ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡበት ዘመን፣ ኦሌ ሮመር የሚባል የዴንማርክ ሰው በፓሪስ ከተማ ሰማይን ይመረምር ነበር። ጁፒተር የሚባለውን ፕላኔት የምትዞር፣ አዮ የምትባል ጨረቃ አለች። በየ42 ሰዓት ተኩሉ የጁፒተር ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ ትወጣለች። እኛ ያለንባት መሬት ከጁፒተር ስትርቅ ግን አዮ ከቀጠሮዋ የምትዘገይ መሰለች። ሮመር የዘገየው ብርሃኗ ነው እንጂ እሷ አይደለችም አለ።

እስቲ እንዲህ አስቡት። ከሻሸመኔ በየቀኑ አንድ መልእክተኛ በእግሩ ይመጣላችኋል። እናንተ ከሐዋሳ ወደ ዲላ ብትርቁ፣ እሱ በሰዓቱ ተነሥቶም ይዘገይባችኋል። ታዲያ በሰውየው ትፈርዳላችሁ? የረዘመው መንገዱ ነው።

ሮመር፣ ኖቬምበር 9 ቀን አዮ ከጥላው የምትወጣው 10 ደቂቃ ዘግይታ ነው ሲል አስቀድሞ ተናገረ። እንዳለውም ሆነ። በሥራ ቦታው የበላዩ የነበረው ካሲኒ ግን አልተቀበለውም። እንግሊዛዊው ብራድሌይ በ1728 በሌላ መንገድ ሲደርስበት፣ ሮመር ከሞተ 18 ዓመት ሆኖት ነበር።

ዛሬ ቁጥሩ በደንብ ታውቋል። የፀሐይ ብርሃን ጁፒተርና ጨረቃዎቹ ዘንድ ለመድረስ 43 ደቂቃ ያህል፣ የሳተርን ጨረቃ ቲታን ዘንድ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ኔፕቱን ዘንድማ ከ4 ሰዓት በላይ ነው! ማታ 12 ሰዓት ላይ ከፀሐይ የተነሣው ብርሃን እዚያ ሲደርስ እናንተ እራት በልታችሁ ተኝታችኋል።