የአገራዊ አንድነት ሐሳብ በአሜሪካ የፖለቲካ አስተሳሰብ

እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላዴልፊያ ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ ለዩናይትድ ስቴትስ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጅ፣ በቅድሚያ የቀረበለት ረቂቅ መግቢያ 13ቱን ግዛቶች አንድ በአንድ በስማቸው የሚዘረዝር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የረቂቁን ቋንቋ የማቃናት ኃላፊነት የተሰጠው ኮሚቴ ግን የግዛቶቹን ስም አውጥቶ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ የሚል ስያሜ ተካ። ይህን ጽሑፍ በአብዛኛው ያዘጋጁት የፔንሲልቫኒያው ተወካይ ገቨርነር ሞሪስ መሆናቸው ይታወቃል።

ለውጡ ተግባራዊ ምክንያት ነበረው። ሕገ መንግሥቱ ዘጠኝ ግዛቶች ሲያጸድቁት በእነርሱ መካከል ሥራ ላይ እንዲውል በመወሰኑ፣ ዘጠኙ የትኞቹ እንደሚሆኑ አስቀድሞ መጻፍ አይቻልም ነበር። ሮድ አይላንድማ ወደ ጉባኤው ተወካይ እንኳ አልላከችም። ይሁን እንጂ ለአጻጻፍ ምቾት የተደረገ የሚመስለው ማስተካከያ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ያልበረደ ክርክር አስከተለ። ኅብረቱን የመሠረቱት ግዛቶቹ ከሆኑ፣ የተዋዋሉትን ውል ሊያፈርሱም ይችላሉ ማለት ነው። የመሠረተው ሕዝቡ ከሆነ ግን አንድ ግዛት ብቻውን ተነሥቶ ሊወጣ አይችልም። በ1788 በቨርጂኒያ በተካሄደው የማጽደቂያ ጉባኤ ላይ ታዋቂው ተናጋሪ ፓትሪክ ሄንሪ፣ የፊላዴልፊያ ተወካዮች በግዛቶች ፈንታ በሕዝብ ስም እንዲናገሩ ማን ሥልጣን እንደሰጣቸው የጠየቁት ይህን በመገንዘብ ነበር።

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው በ1781 የጸደቀው የኮንፌዴሬሽን ስምምነት ነው። ስምምነቱ በርዕሱ ዘላለማዊ ኅብረትን ቢያውጅም፣ በሁለተኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ግዛት ሉዓላዊነቱን እንደያዘ እንደሚቆይ ይደነግጋል። ማዕከላዊው ኮንግረስ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ገንዘብ የሚያገኘው ከግዛቶች በመጠየቅ ነበር። ስምምነቱን ለማሻሻል የሁሉም ግዛቶች ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበረም፣ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ላይ 5 በመቶ ቀረጥ እንዲጣል የቀረበው ሐሳብ በ1782 በሮድ አይላንድ እምቢታ ወደቀ። የጦርነት ዕዳውን መክፈል ያቃተው መንግሥት የአንድነቱ ማሰሪያ ምን ያህል የላላ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አዲሱን ሕገ መንግሥት ለመደገፍ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰን እና ጆን ጄይ የጻፏቸውና ፌዴራሊስት በሚል ስያሜ የሚታወቁት 85 ጽሑፎች የአንድነትን ምንጭ በተመለከተ ሁለት የማይጣጣሙ መልሶች ይዘዋል። ጄይ በ2ኛው ጽሑፍ አሜሪካውያን የዘር ሐረጋቸው፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው አንድ በመሆኑ አንድ ሕዝብ ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። አባባሉ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከእውነታው የራቀ ነበር። በፔንሲልቫኒያ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በብዛት ይኖሩ ነበር፤ በ1790 በተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራም ከአምስት ነዋሪዎች አንዱ ያህል አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለው ነበር።

ማዲሰን በ10ኛው ጽሑፋቸው የተነሡት ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በእርሳቸው አመለካከት ነፃነት ባለበት ሁሉ የጥቅምና የአመለካከት ቡድኖች መፈጠራቸው አይቀርም። ሪፐብሊክ የሚጸናው በትንሽ አገር ብቻ ነው የሚለውን በዘመኑ የተለመደ እምነት በመቃወም፣ አገሪቱ በሰፋችና ቡድኖቿ በበዙ መጠን አንዱ ቡድን ብዙኃኑን ይዞ ሌላውን መጨቆን እንደሚከብደው አስረዱ። የጄይ ሐሳብ ለንግግር ይመቻል፤ ለመንግሥት አሠራር የጠቀመው ግን የማዲሰን ነው ማለት ይቻላል።

ኅብረቱ የተገኘው በዋጋ ነበር። የደቡብ ግዛቶችን ለማቆየት ሲባል፣ በተወካዮች ምክር ቤት የመቀመጫ ድልድል ከባሪያዎች ቁጥር ሦስት አምስተኛው እንዲታሰብ፣ ኮንግረሱ የባሪያ ንግድን እስከ 1808 እንዳይከለክል፣ ያመለጡ ባሪያዎችም ወደ ጌቶቻቸው እንዲመለሱ ተደነገገ።

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 በጋዜጣ ባሳተሙት የስንብት መልእክት በመልክዓ ምድር ላይ የተመሠረቱ ፓርቲዎች ኅብረቱን እንዳይከፋፍሉት አስጠነቀቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ጀፈርሰን እና ማዲሰን፣ የፌዴራሉን መንግሥት የፕሬስ ገደብ በመቃወም፣ ኅብረቱ የግዛቶች ውል መሆኑን የሚያትቱ የኬንታኪንና የቨርጂኒያን የውሳኔ ሐሳቦች በምስጢር አረቀቁ። ይህን ሐሳብ አጠንክረው የወሰዱት የደቡብ ካሮላይናው ጆን ካልሁን ናቸው። ካልሁን ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1828 ስማቸውን ሳይጠቅሱ በጻፉት ሰነድ፣ አንድ ግዛት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለውን የፌዴራል ሕግ በግዛቱ ውስጥ ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል አሉ። የማሳቹሴትሱ ሴኔተር ዳንኤል ዌብስተር በ1830 በሴኔቱ ባደረጉት ንግግር ነፃነትና ኅብረት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በመግለጽ መልስ ሰጡ።

ደቡብ ካሮላይና በ1832 የፌዴራሉን የቀረጥ ሕጎች ዋጋ ቢስ ስታደርግ፣ ራሳቸው የደቡብ ተወላጅና የባሪያ ጌታ የነበሩት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ድርጊቱ ከኅብረቱ ህልውና ጋር እንደማይጣጣም አወጁ። በተከታዩ ዓመት ኮንግረሱ ኃይል ለመጠቀም የሚፈቅድ ሕግና ቀረጡን የሚቀንስ ሕግ ጎን ለጎን በማውጣት ፍጥጫውን አበረደ። በእርጅና ላይ የነበሩት ማዲሰን የ1798ቱ ጽሑፋቸው ለአንድ ግዛት እንዲህ ያለ መብት እንደማይሰጥ ደጋግመው ቢያስረዱም የካልሁን ወገኖች አልተቀበሏቸውም። ጸሐፊው በሕይወት እያሉ የጽሑፋቸው ትርጉም ከእጃቸው ወጣ።

ኅብረቱ እንዲፈርስ የፈለጉት ደቡባውያን ብቻ እንዳልነበሩ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የፀረ ባርነት ንቅናቄ መሪው ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ከባሪያ ጌቶች ጋር ኅብረት አያስፈልግም በማለት በ1854 በአገሪቱ የነፃነት ቀን የሕገ መንግሥቱን ቅጂ በአደባባይ አቃጠሉ። ከባርነት አምልጠው የታወቁ ተናጋሪ የሆኑት ፍሬድሪክ ዳግላስ በመጀመሪያ ከጋሪሰን ጋር ቢስማሙም፣ በ1851 አቋማቸውን ለወጡ። በዳግላስ ክርክር መሠረት የሰሜኑ ሕዝብ ከኅብረቱ ቢወጣ እጁን ከኃጢአቱ ይታጠብ እንደሆነ እንጂ፣ ባሪያዎቹ ከጌቶቻቸው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ።

አብርሃም ሊንከን በ1861 ሥልጣን ሲረከቡ ሰባት ግዛቶች መገንጠላቸውን አውጀው ነበር። ሊንከን ኅብረቱ ከሕገ መንግሥቱ እንደሚቀድምና ልደቱ ከ1774 ጀምሮ እንደሚቆጠር ተከራከሩ። በ1862 ለአንድ የጋዜጣ አዘጋጅ በጻፉት ደብዳቤ ዋና ዓላማቸው ኅብረቱን ማዳን እንጂ ባርነትን ማቆየት ወይም ማጥፋት አለመሆኑን ገለጹ። በጥር 1863 ግን በአማፂያኑ ይዞታ ሥር የነበሩትን ባሪያዎች ነፃ አወጡ። በዚያው ዓመት በጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ባሰሙት፣ ከ300 ቃላት ባነሰ ንግግር ውስጥ ኅብረት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም፤ በእንግሊዝኛ አገርንና ሕዝብን በአንድነት የሚያመለክተው ቃል ግን አምስት ጊዜ ተነሥቷል። አገሪቱ በግዛቶች ውል ሳይሆን በ1776 በታወጀው የሰው ልጆች እኩልነት ላይ የተወለደች ተደርጋ ቀረበች።

ከ600 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ያለቁበት ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአገሪቱ የተወለደ ሁሉ ዜጋ መሆኑን ደነገገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1869 የቴክሳስን የመንግሥት ቦንድ ክርክር ሲመለከት፣ ግዛቶቹም ሆኑ ኅብረታቸው የማይፈርሱ እንደሆኑ፣ መውጫውም አብዮት ወይም የግዛቶቹ ስምምነት ብቻ መሆኑን ወሰነ። ከሰማንያ ዓመታት በፊት የተነሣው የፓትሪክ ሄንሪ ጥያቄ የሕግ መልስ ያገኘው እንዲህ ነው።

በሕግ የተዘጋው ጉዳይ ግን በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ አልተዘጋም። በ1913 የጌቲስበርግ ጦርነት 50ኛ ዓመት ሲከበር ከሁለቱም ወገን ከ50 ሺህ በላይ የቀድሞ ወታደሮች ተገናኙ። ቨርጂኒያ የተወለዱት ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ወንድማማቾች መታረቃቸውንና ጠቡ መረሳቱን ሲናገሩ፣ የጦርነቱ መነሻ የነበረውን ባርነት አላነሡም። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን በገንዘብ ሚኒስቴርና በፖስታ መሥሪያ ቤት ጥቁር የመንግሥት ሠራተኞች ከነጭ የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዲለዩ፣ የመመገቢያና የመጸዳጃ ቦታቸውም የተለየ እንዲሆን ተደረገ። ከ1914 ጀምሮ ለመንግሥት ሥራ የሚያመለክት ሰው ፎቶግራፉን እንዲያያይዝ ተጠየቀ፤ ይህም ቀድሞ በፈተና ውጤት ይካሄድ በነበረው ቅጥር የቆዳ ቀለም ከውሳኔ በፊት እንዲታይ በር ከፈተ። ጥቁሩ የጋዜጣ አዘጋጅ ዊሊያም ሞንሮ ትሮተር በኅዳር 1914 በፕሬዚዳንቱ ፊት ቀርበው አቤቱታ ሲያሰሙ፣ ዊልሰን መለያየቱ ግጭትን ለማስቀረት የተደረገ ነው ብለው መለሱ። በአነጋገራቸው ተቆጥተውም ትሮተርን አሰናበቷቸው። ሰላምና እርቅ የሚሉት ቃላት በቢሮ ውስጥ መለያያ ግድግዳ ለማቆም አገልግለዋል።

በዚሁ ዘመን ከአውሮፓ በሚገቡት ስደተኞች የተነሣ ሌላ ክርክር ተከፈተ። ሁሉም ቀልጦ አንድ ዓይነት ይሁን የሚለውን አመለካከት ፈላስፋው ሆራስ ካለን በ1915 በመቃወም፣ አገሪቱ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ድምፅ የሚሰጥባት ኦርኬስትራ ትሁን አሉ፤ ስለ ጥቁሮች ግን ብዙም አላሉም።

አንድነትን በግዴታ ማምጣት ይቻል እንደሆነ በቀጥታ የተጠየቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማና ወቅት ነው። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም ያሉ የይሖዋ ምሥክሮች ልጆችን ከትምህርት ቤት ማባረር እንደሚቻል 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት በቪየና የተወለዱት ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር፣ አገራዊ አንድነት የአገር ደኅንነት መሠረት መሆኑን አስፍረዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የእምነቱ ተከታዮች በበርካታ ግዛቶች ተደበደቡ፤ በሜይን ግዛት የአምልኮ አዳራሻቸው ተቃጠለ። በ1942 ውሳኔውን ከደገፉት ዳኞች ሦስቱ ተሳስተን ነበር አሉ።

በሰኔ 14 ቀን 1943፣ በአገሪቱ የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ፍርድ ቤቱ ከዌስት ቨርጂኒያ በቀረበ ጉዳይ የቀድሞ ውሳኔውን 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሻረ። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ባለሥልጣናት አንድነትን በማሳመንና በአርአያነት ማጎልበት እንደሚችሉ፣ ጥያቄው ማስገደድ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ብቻ መሆኑን ገለጹ። ከሮማውያን ዘመን አንሥቶ ሐሳብን በኃይል አንድ ለማድረግ የተሞከረባቸውን ምሳሌዎች በመጥቀስም፣ እንዲህ ያለው ጥረት እየጠነከረ ሄዶ መጨረሻው ተቃዋሚን ማጥፋት እንደሚሆን አስጠነቀቁ። ፍራንክፈርተር በልዩነት ሐሳባቸው አልተስማሙም። እርሳቸው ራሳቸው ብዙ ከተሰደደ አናሳ ሕዝብ የተወለዱ ቢሆኑም፣ ዳኛ የግል ስሜቱን በሕግ አውጪው ውሳኔ ላይ መጫን የለበትም አሉ።

የ1943ቱ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተሻረም። አብዛኞቹ ግዛቶች ስለ ሰንደቅ ዓላማው ቃለ መሐላ በትምህርት ቤቶች የሚደነግጉ ሕጎች ቢኖሯቸውም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ማንም ልጅ አገሪቱን የማትከፋፈል ብሎ የሚጠራውን ይህን መሐላ እንዲያሰማ አይገደድም።