ሳይጠሩት አቤት

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት እኛ ሰፈር ስድብ ነው። ያልተጠየቀውን የሚመልስ፣ ባልተላከበት የሚሮጥ ጥልቅ ባይ ይሰደብበታል። እኔም በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተብዬበታለሁ። ዛሬ ግን ይህን ስድብ ላሞግስ ተነስቻለሁ።

ምክንያቱ ሰሞኑን አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ማን ያስገባኛል?» አለኝ። ልጁ ኮድ ይችላል። የቸገረው አስገቢ ማጣቱ ነው። አይፈረድበትም፤ ደብዳቤ፣ ማኅተምና የሚያውቁት ሰው ሳይዙ የትም እንደማይገባ እያየ ነው ያደገው። እንግዲህ መልሱን በታሪክ ልስጠው ብዬ ወደ ሄልሲንኪ ወሰድኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1991 ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መኝታ ክፍሉ ውስጥ የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጎነጉናል። ሐምሌ ላይ ሚኒክስ የሚባለውን የማስተማሪያ ሲስተም የሚጠቀሙ ሰዎች በሚጻጻፉበት መድረክ ስለ አንድ የቴክኒክ ስታንዳርድ ጥያቄ ጣል አደረገ። ጥያቄውን ካነበቡት አንዱ አሪ ሌምኬ ነበር። እዚያው አካባቢ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አስተማሪ ነው። «ይሄ ልጅ አንድ ነገር እየሠራ ነው» ብሎ ጠረጠረና ሥራው ሲያልቅ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሰርቨር ላይ አዘጋጀለት። ልብ በሉ፣ ማንም ቦታ ስጠኝ አላለውም።

ነሐሴ 25 ቀን ቶርቫልድስ ሥራውን ይፋ አደረገ። ለትርፍ ጊዜ ያህል የሚሠራው እንደሆነ፣ እንደ ግኑ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ጽፎ ሰዎች ምን ቢኖረው እንደሚወዱ ጠየቀ። (ግኑ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያወጀው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ነው። ብዙ ነገር ተሟልቶለት ዋናው ሞተር፣ ከርነሉ፣ ነበር የቀረው።) መስከረም ላይ አሥር ሺህ መስመር ገደማ ያለው 0.01 ተጫነ። ቶርቫልድስ ያወጣለት ስም ፍሪክስ ነበር። ሌምኬ ስሙ አልጣመውም፤ ማኅደሩን «ሊኑክስ» ብሎት አረፈ። ዛሬ በየአንድሮይድ ስልኩ ውስጥ ያለው ከርነል ስሙን ያገኘው ከቶርቫልድስ ሳይሆን ሳይጠሩት አቤት ካለው ሰው ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የጀርመኑን ሰውዬ ታሪክ ነው። ቶርቫልድስ ራሱ ኋላ እንደተረከው፣ በ1991 መጨረሻ አንድ ጀርመን የሚኖር ተጠቃሚ ችግሩን ጻፈለት። ኮምፒውተሩ ያለው ሜሞሪ ሁለት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ከርነሉን ኮምፓይል ማድረግ አቅቶታል። ሁለት ሜጋባይት! የዛሬ አንድ ፎቶ እንኳ ይበልጠዋል። ቶርቫልድስ «ሜሞሪ ግዛ» ሊለው ይችል ነበር። አላለውም፤ የገናን ሰሞን ቁጭ ብሎ፣ ሜሞሪ ሲሞላ የተረፈውን ወደ ዲስክ የሚያወርድ ኮድ ጻፈ። ሚኒክስ ይህ አልነበረውም፤ ብዙ ሰው ወደ ሊኑክስ የተሳበውም በዚህ ነው። ሰውዬው ያዋጣው አንዲት ልኳን የምታውቅ ቅሬታ ነበረች፦ ይህን ያህል አለኝ፣ ይህን ልሠራ ብዬ አቃተኝ። እኛ ቅሬታ መቼ አንሶን ያውቃል? ልዩነቱ የእኛ ቅሬታ ማኪያቶ ላይ መቅረቷ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጎርፍ ነው። ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አለን ኮክስ ሊኑክስን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ጫነው። የኔትወርኩ ክፍል በባግ የተሞላ ሆኖ ተገኘ (በግ ብላችሁ እንዳታነቡት)። የገጠሙትን እያረመ ላከ፣ ደግሞ አረመ፣ ደግሞ ላከ። ውሎ አድሮ የኔትወርኩ ኮድ ባለአደራ ሆኖ ቁጭ አለ። መጋቢት 1994 የወጣው 1.0 የኮዱ መስመር 176,250 ደርሶ ነበር።

ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ደቦ እንለዋለን። ያምራል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ደቦ ጠሪ አለው። የእርሻው ባለቤት ቀን ቆርጦ፣ ጠላ ጠምቆ ነው የሚጠራችሁ። እዚህ ጠላም የለ፣ ጠሪም የለ።

በሩ ለሁሉም እኩል ገርበብ ብሏል ማለቴ አይደለም። ጉግል ተማሪዎችን እየከፈለ በክረምት ኦፕን ሶርስ በሚያሠራበት ፕሮግራም፣ በ2006 ግኖም የተባለው ፕሮጀክት 181 ማመልከቻ ደረሰው። ከሴት የመጣ አንድም አልነበረም። «አልመጡም፣ ምን እናድርግ» ከማለት ይልቅ ግኖሞች በዚያው ዓመት ለሴቶች የተለየ ፕሮግራም ከፈቱ፤ እሱ ነው ኋላ አውትሪቺ የሆነው። ጠርቶ ማስገባትም እንደሚያስፈልግ የገባቸው ያኔ ነው። የአቀባበሉ ነገርም አለ። ቶርቫልድስ ለተላከለት ኮድ ይሰጠው የነበረው ስድብ የታወቀ ነበር፤ በ2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሏል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ፊደሉ ገባ ማለት ግን ኮምፒውተሩ አማርኛ አወቀ ማለት አይደለም። ሰኞን ሰኞ፣ ብርን ብር እንዲል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ ነበረበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩትን የሊኑክስና የግኖም የአማርኛ ፋይሎች ብትከፍቱ አናታቸው ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስም ታገኛላችሁ። የፈረንጆቹን የመጀመሪያ ወር «ጃንዩወሪ» ብለው ጽፈውታል። እናንተ «ጃንዋሪ» ይሻላል ትሉ ይሆናል፤ ክርክሩ ይቻላል። ፋይሉ ክፍት ነው፤ አንድ ቃል ማረምም አስተዋፅኦ ነው። ለዚያ የፕሮግራም ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አማርኛ ማወቅ ይበቃል።

አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ሳልናገር ባልፍ ግን ልጁን አታለልኩት ማለት ነው። ኤክስዚ የሚባል፣ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ሶፍትዌር አለ። ለዓመታት የሚጠብቀው በመሠረቱ አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ2021 አካባቢ ጂያ ታን በሚል ስም አንድ «ረዳት» ብቅ አለ። ትሑት ነው፣ ትንንሽ እርማት ይልካል፣ ይታገሣል። ልክ እንደ አለን ኮክስ። ከሁለት ዓመት በላይ እምነት ካከማቸ በኋላ፣ በ2024 መጀመሪያ በወጡት ሁለት ዕትሞች ውስጥ ወደ ሰው ሰርቨር የሚያስገባ ስውር በር ቀበረ። ማንነቱ እስካሁን በይፋ አልታወቀም። የተጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ «ለምን?» ስላለ ነው። የደህንነት መርማሪ አልነበረም፤ ሥራው ዳታቤዝ ነው። ማንም ፈትሽልን አላለውም። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ገቢ በሩ ላይ ጥርጣሬ ቢጨምር አይገርምም። የመጀመሪያው እርማታችሁ ቶሎ ካልገባ በክፋት አትተርጉሙት።

ተማሪውን «የምትጠቀምበት ሆኖ የሚያናድድህ ሶፍትዌር የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቆጠረልኝ። አንዱን መረጥንና ቁጭ ብለን ጻፍነው፦ የትኛው ዕትም እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንደሆነበት። ስምንት መስመር ወጣው። ከመላካችን በፊት ሌላ ሰው ቀድሞ ጽፎት እንደሆነም ፈለግን፤ አልነበረም። ላከው።

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። መልስ አልመጣም። ትናንት ደውሎ «እንዳልተጠራ ሰው ቆምኩ እኮ!» አለኝ። እስከ ሰኞ ካልመለሱለት አንድ ጊዜ በትሕትና እንዲያስታውሳቸው ተስማምተናል። እስከዚያው ሁለተኛውን ቅሬታ እየጻፈ ነው።