የሐምሌው ወሬ መንገድ

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ስለ ተነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ ሲወራ «ፌስቡክ የቀሰቀሰው» የሚል ቃል አይጠፋም። መንግሥት ቃሉን ለክስ ተጠቀመበት፤ ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖች ደግሞ እንደ ሙገሳ ተቀበሉት። ቀኑን አስተካክሎ ለሚቆጥር ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም።

እስቲ እንቁጠረው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተሰርቆ በፌስቡክ ተበተነና ፈተናው ተሰረዘ። በሐምሌ ሲደገም «ተማሪዎች እንዳይዘናጉ» ተብሎ ከቅዳሜ ሐምሌ 2 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ትዊተር፣ ኢንስታግራምና ቫይበር ተዘጉ፤ መዝጊያው እስከ ረቡዕ እንደሚቆይም ተነገረ። ማክሰኞ ሐምሌ 5 የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የነበሩትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ጎንደር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄዱ። ተኩስ ተከፈተ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። እንግዲህ ጎንደርን ያነቃነቀው ክስተት የሆነው ፌስቡክ በተቆለፈበት ሳምንት ነው። በቪፒኤን በጓሮ በር የሚገቡ ወጣቶች እንደነበሩ አይካድም፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከመቶው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሃያ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በገጠሩ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል።

ታዲያ ወሬው በምን ተጓዘ? ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጣና በስተሰሜን በተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ ላይ ያለችውን ኮላ ድባን ልብ ይሏል። እንዲህ ያለች ከተማ ወሬ የምትሰማው ከጎንደር በሚመጣ መኪና፣ በገበያ ቀን፣ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር ጽዋ ላይ ነው። ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ቋረኛው ካሳ ኃይሉ ከየጁ መሳፍንት ጋር በተጣሉበት ዘመን ደንቢያ ዋና መፋለሚያ ነበር፤ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን የማረኩትም ከጣና በስተሰሜን ባለው በዚሁ አገር ነው። የዚያን ጊዜ የሽፍታው ዝና ከአፍ ወደ አፍ ነው የዞረው። በ2008 የተለየው፣ የአፍ ወሬው የእጅ ስልክ ማግኘቱ ነው። ፎቶግራፍ ያየ አንድ ተማሪ ያላዩትን አሥር ሰዎች ይደውልላቸዋል፤ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ በሳተላይት ዲሽ ኢሳትን ይከፍታል። ፌስቡክ ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት እንጂ ሰንሰለቱ አልነበረም።

እሑድ ሐምሌ 24 ጎንደር ፈቃድ ያልተሰጠውን ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረገች። የፌስቡክ እውነተኛ ሥራ የታየው በዚህ ቀን ይመስለኛል። ጎንደሬው በኦሮሚያ ስለሚፈሰው ደም የእኔም ደም ነው የሚል ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ከኅዳር 2008 ጀምሮ ከጊንጪ ተነሥቶ የተስፋፋውን የኦሮሚያ ተቃውሞ የመንግሥት ቴሌቪዥን የጥፋት ኃይሎች ሥራ አድርጎ ሲያቀርበው፣ የሟቾቹን ፊት ለሩቁ ሰው ያሳየው ያ ትንሽ መስኮት ነው። የጎንደሩም ምስል እንዲሁ በተራው ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ለሃያ አምስት ዓመት ተለያይተው እንዲፈራሩ የተደረጉ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ሰሞን ያለ አስተርጓሚ ተያዩ። ገዢዎቹን ከማንኛውም የሰልፍ ጥሪ ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መልሱ የታወቀ ነው። በተከታዩ ቅዳሜና እሑድ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ነሐሴ 1 ባሕር ዳር ላይ በብዙ ሰልፈኞች ደም ፈሰሰ። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመመሪያውም ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ተከለከለ። ከዚያ ቀደም ብሎ የታሰረው ዮናታን ተስፋዬ በፌስቡክ በጻፈው ጽሑፍ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከስሶ በ2009 ስድስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። ይህ ልማድ ከ1997 ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክትን ከሁለት ዓመት በላይ ከዘጋው እጅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የግብፅ መንግሥት ኢንተርኔቱን ሲቆርጥ የካይሮ ሰው ልጁንና ጎረቤቱን ፍለጋ አደባባይ ወጥቶ ነበርና፣ መዝጋት ሁልጊዜ ዝምታን አያመጣም።

ከዚህ ጋር አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ተቀምጦ «ነገ ውጣ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥይቱ አያገኘውም። ወጣ የተባለው የገበሬ ልጅ ነው። ያልሞተውን ሞተ፣ ያልተያዘውን ከተማ ተያዘ የሚል ወሬም በዚያው መስኮት ገብቷል፤ ከ2010 የሥልጣን ለውጥ በኋላም ያው መስኮት ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ለማነሣሣት ሲያገለግል አይተናል። በገበያ የሰማነውን ወሬ ማን እንዳመጣው እናውቅ ነበር፤ ሰውየው ዋሽቶ ከሆነ በሚቀጥለው ገበያ ይገኛል። የስክሪኑን ዋሾ ማን ይጠይቀዋል?

ስለ መዝገቡም ላንሣ። የ1966 አብዮት ተማሪዎች በማባዣ መኪና እያተሙ ሌሊት የበተኑት ወረቀት እየቢጫ ቢሄድም ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል፤ ታሪክ ጸሐፊ ይገልጠዋል። የሐምሌ 24ቱ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ያለው በባዕድ ኩባንያ ማከማቻና በየሰው ስልክ ላይ ነው። በአዋጁ ወራት ፍተሻ የፈራ ሰው ምስሉን አጥፍቷል፤ ስልኩም ተሰብሯል፣ ተሸጧል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል እንደገና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ያየውን ቀርጾ የሚያሳይበት መንገድ ያጣው ሰው ብዙ ነው። ያን ቀን በሰልፉ ውስጥ የነበሩት ገና በሕይወት አሉ፤ ወረቀትና ስክሪብቶ ይዞ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው።