ከወላይታ ለሚነሱ ቡድኖች፦ ስለ ባቡር ጉብኝት አዘገጃጀት

በወላይታ ዞን የተዘረጋ ሐዲድ የለም። ስለሆነም ባቡርንና ታሪኩን በቅርበት ለማየት የሚሹ ተማሪዎች፣ ማኅበራትና የወዳጅ ቡድኖች ጉዟቸውን በመኪና መጀመር ይኖርባቸዋል። ከሶዶ በአረካና በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም በቦዲቲ፣ በሀላባ ቁሊቶና በሻሸመኔ በኩል ወደ ሞጆ መውጣት ይቻላል። ሞጆ ራሷ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ያላት ከተማ በመሆኗ ቡድኑ እዚያ ለመሳፈር መቻሉን አስቀድሞ መጠየቁ መንገዱን ሊያሳጥርለት ይችላል።

በጉዞው ላይ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው መነሻ ጣቢያው ነው። ለገሃር ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ቢሆንም ዛሬ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር ከዚያ አይነሳም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው መስመር የአዲስ አበባ መንገደኞች የሚሳፈሩበት ጣቢያ በከተማዋ ዳርቻ በሚገኘው ፉሪ ለቡ ነው። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም ከመሀል ከተማው ውጭ ስለሆነ ከጣቢያ ወደ ማረፊያ የሚያደርስ መኪና አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ ላይነሳ ይችላል፤ ሰዓቱም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አስተባባሪው መኪና ከመከራየቱና ከአባላት ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት የጉዞውን ቀንና የመቀመጫውን ብዛት ከባቡሩ ድርጅት ማረጋገጥ አለበት። ባቡሩ በማለዳ የሚነሳ ከሆነ ከሶዶ በዚያው ዕለት ተነስቶ መድረስ ስለማይቻል የአንድ ሌሊት ማረፊያ በበጀቱ ውስጥ ይካተታል። እያንዳንዱ ተጓዥ መታወቂያ ይይዛል፤ ለተማሪዎች የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ቢያዝ መልካም ነው።

ለገሃር ግን ሊታለፍ አይገባም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ግንባታው የተጀመረው የቀድሞው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡርም በዚያው አካባቢ ስለሚያልፍ ጎብኚው ሁለት ዘመን በአንድ ሥፍራ ያያል። አረጋውያን «ምድር ባቡር» ማለታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእህል ወፍጮውም ሞተር «ባቡር» ይባል ነበርና። ጊዜ ያለው ቡድን ግን ድሬዳዋ ይዝለቅ፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። የቀድሞውን የጥገና ግቢ ለመጎብኘት የቡድኑን ዓላማና የአባላቱን ቁጥር የሚገልጽ የትብብር ደብዳቤ ይዞ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጣቢያዎችን፣ ድልድዮችንና የጥገና ግቢዎችን ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊትም ፈቃድ ይጠየቃል። በአዲሱ መስመር ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ሳይነኩት፣ በቅርብ ርቀት ብቻም ሊገድል ይችላል። ስለሆነም በፉርጎ ላይ መውጣትም ሆነ የስልክ ማንሻ ዘንግ ወደ ላይ መዘርጋት ለሕይወት አስጊ ነው። በሐዲድ ላይ መቆምም እንዲሁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር እንደ ቀድሞው በጭስና በጩኸት አስቀድሞ አይታወቅም።

ለአንድ ጊዜ ጉዞ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም።